ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ፓኔል በአንድ ፓወር ስቴሽን ላይ፦ ዕቃው ሳይቃጠል እንዴት ይገናኛል?

አዳማ ውስጥ ፓወር ስቴሽን (ባትሪና ሶኬት ያለው ተንቀሳቃሽ የኃይል ሳጥን) የገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ባለ 100 ዋት የሶላር ፓኔል ይጀምራል። ብዙም ሳይቆይ ማጉረምረም ይመጣል፦ «ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ውሎ ግማሽ እንኳ አይሞላም!» እውነቱን ነው። እንዲህ ያለ ፓኔል በጥሩ ቀን ከ350 እስከ 400 ዋት ሰዓት ቢሰጥ ነው። 1000 ዋት ሰዓት የሚይዝ ፓወር ስቴሽን ከባዶ ተነስቶ እስኪሞላ ሦስት ቀን ገደማ ይፈጅበታል፤ ያውም በመሀል መብራት ጠፍቶ ማንም ካልተጠቀመበት። ስለዚህ ፓኔል መጨመር ተገቢ ነው።

ጣጣው ማገናኘቱ ላይ ነው። ገበያ ውስጥ ሻጩም ገዢውም የሚነጋገሩት በዋት ነው፤ ዕቃውን የሚገድለው ግን ቮልት ነው። ዋት ሲበዛ ፓወር ስቴሽኑ የሚችለውን ወስዶ ሌላውን ይተወዋል። ቮልት ሲበዛ መተው አይችልም፤ የመግቢያው ሰርኪት በቅጽበት ይቃጠላል፣ ዋስትናውም ብዙ ጊዜ አይሸፍነውም። ከዚህ በታች የምታነቡት ሁሉ በዚህ ነጥብ ላይ የቆመ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ጽሑፍ አንብቡ

አንደኛው ፓወር ስቴሽኑ ላይ ያለው ነው። ከሶላር ማስገቢያው አጠገብ፣ ከሥሩ ወይም ማኑዋሉ ውስጥ ሦስት ቁጥር ታገኛላችሁ፦ የቮልት ክልል፣ ከፍተኛው አምፔር እና ከፍተኛው ዋት። ኢኮፍሎው ሪቨር 2 ለምሳሌ ከ11 እስከ 30 ቮልት፣ 8 አምፔር፣ 110 ዋት ነው። ብሉቲ ኢቢ3ኤ ከ12 እስከ 28 ቮልት፣ 8.5 አምፔር፣ 200 ዋት። ኢኮፍሎው ዴልታ 2 ደግሞ ከ11 እስከ 60 ቮልት፣ 15 አምፔር፣ 500 ዋት ይቀበላል። ልዩነቱን ልብ በሉ፦ ለዴልታ 2 ምንም የማይመስለው 44 ቮልት ሁለቱን ትንንሾች ይገድላቸዋል። ጎረቤታችሁ ያገናኘበትን መንገድ እንዳለ መቅዳት አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ከፓኔሉ ጀርባ የተለጠፈው ወረቀት ነው። አራት ምልክቶች ይበቋችኋል። ቪኦሲ (Voc) ፓኔሉ ከምንም ሳይገናኝ የሚያሳየው ከፍተኛ ቮልት ነው። ቪኤምፒ (Vmp) ሥራ ላይ ሲሆን የሚሰጠው ቮልት ነው። አይኤስሲ (Isc) ከፍተኛው አምፔር፣ አይኤምፒ (Imp) ደግሞ ሥራ ላይ ያለው አምፔር ነው። በተለመደው ባለ 100 ዋት ፓኔል ላይ ቪኦሲ 22 ቮልት፣ ቪኤምፒ 18 ቮልት፣ አይኤስሲ 6 አምፔር፣ አይኤምፒ 5.5 አምፔር አካባቢ ታያላችሁ። የምሳሌዎቹን ሒሳብ በእነዚህ ቁጥሮች እንሠራለን፤ እናንተ ግን የራሳችሁን ፓኔል ቁጥር ተኩበት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ፍራንኮ አካባቢ ጁስ ቤት ያላቸው አንዲት እናት ሦስት ፓኔል ገዝተው ለማገናኘት ተዘጋጅተው ነበር። «ልጄ፣ ሦስቱም ባለ 12 ቮልት ናቸው። ሦስት ጊዜ 12 ደግሞ 36 ነው፤ የእኔው እስከ 60 ይችላል፣ ምን ያሰጋል?» አሉ። ማባዛቱ ልክ ነበር። ግን «12 ቮልት» የሚባለው ፓኔሉ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ለመሙላት የተሠራ መሆኑን ለማመልከት ብቻ ነው። ፓኔሉን ገልብጠን ወረቀቱን ስናየው ቪኦሲው 22 ሆነ። ሦስቱ በሲሪየስ፣ ማለትም አንዱ በአንዱ ላይ ሲቀጠል፣ 66 ቮልት ማለት ነው፤ ከተፈቀደው 60 በላይ። ቪኤምፒውን ቢደምሩትም ይሸወዱ ነበር፤ 54 ወጥቶ የሚችለው ይመስላል። የሚደመረው ሁልጊዜ ቪኦሲ ነው፤ ባትሪው ሞልቶ መሳብ ሲያቆም ፓኔሉ የሚያወጣው ቮልት እሱ ነውና።

ሲሪየስ ወይስ ፓራለል

በሲሪየስ ስታገናኙ የአንዱን ፓኔል ፖዘቲቭ ከሚቀጥለው ኔጌቲቭ ጋር ትሰካላችሁ። ቮልቱ ይደመራል፣ አምፔሩ የአንዱ እንደሆነ ይቀራል። በፓራለል ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ ይገናኛል። ቮልቱ የአንዱ ይሆናል፣ አምፔሩ ይደመራል። ዋቱ በሁለቱም መንገድ አንድ ነው።

ሁለት ባለ 100 ዋት ፓኔሎችን እንውሰድ። በሲሪየስ 44 ቮልትና 6 አምፔር፣ በፓራለል 22 ቮልትና 12 አምፔር ይሰጣሉ። መግቢያው እስከ 28 ወይም 30 ቮልት ለሆነ ፓወር ስቴሽን ሲሪየስ ፈጽሞ አይታሰብም፤ ፓራለል ብቻ ነው ያላችሁ። 8.5 አምፔር ብቻ የሚስብ ከሆነ ከ200 ዋቱ ወደ 150 ገደማ ታገኛላችሁ፣ የቀረው ይባክናል። አብዛኞቹ ፓወር ስቴሽኖች ትርፍ አምፔርን ዝም ብለው ይተዉታል፤ ሆኖም ማኑዋሉ «አይኤስሲ ከዚህ አይለፍ» የሚል ከሆነ ማኑዋሉን ስሙ።

እስከ 60 ቮልት ለሚችለው ደግሞ አራት ፓኔል ካላችሁ ሁለት ሁለቱን በሲሪየስ አድርጋችሁ፣ ሁለቱን ጥንዶች በፓራለል ታጣምራላችሁ፦ 44 ቮልት፣ 12 አምፔር፣ 400 ዋት። ለቤትና ለትንሽ ሱቅ ከዚህ የተሻለ አሠራር አላውቅም። ሦስት ፓኔል ግን አስቸጋሪ ቁጥር ነው፤ በሲሪየስ ቮልቱ ከ60 ይበልጣል፣ በፓራለል አምፔሩ ይበዛል። ሦስተኛውን ከምትገዙ ገንዘብ አጠራቅማችሁ ሁለት በአንዴ ጨምሩ።

ደምራችሁ ስትጨርሱ የብርዱን ሒሳብ አትርሱ። ወረቀቱ ላይ ያለው ቮልት የተለካው ፓኔሉ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ሳለ ነው። ፓኔል ሲቀዘቅዝ ቮልቱ ይጨምራል፣ በአንድ ዲግሪ ወደ 0.3 በመቶ። አዳማ በሙቀት ብትታወቅም ኅዳርና ታኅሣሥ ንጋት ላይ ቆርቆሮው ላይ ያደረ ፓኔል በደንብ ይበርዳል፤ የመጀመሪያዋ ፀሐይ ስታርፍበት የሚወጣው ቮልት የዕለቱ ከፍተኛው ነው። ለአዳማ አየር የቪኦሲውን ድምር በ1.1 ማባዛት በቂ መጠባበቂያ ነው። ሁለቱ በሲሪየስ 44 ሲባዛ በ1.1 ማለት 48.4 ነው፤ ከ60 በታች ስለሆነ ያልፋል። ውጤቱ ከገደቡ ጋር እኩል ከሆነ ወይም ትንሽ ካለፈ «ምንም አይል» ብላችሁ አትሰኩ።

ትልልቆቹ ባለ 550 ዋት ፓኔሎች ሌላ ጉዳይ ናቸው። በዋት ሲታሰብ ርካሽ ስለሚሆኑ ያጓጓሉ። የአንዱ ቪኦሲ ግን ብቻውን 50 ቮልት ገደማ፣ አምፔሩም 14 ገደማ ነው። ገደቡ 28 ወይም 30 ቮልት ለሆነ ዕቃ አንዱም እንኳ ገዳይ ነው። 60 ቮልት ለሚችለው በ1.1 ተባዝቶ 55 ስለሚመጣ አንድ ብቻ ይሄዳል፤ ያ አንዱም የ500 ዋቱን መግቢያ ይሞላዋል። ሁለተኛ መጨመር ገንዘብ ማባከን ነው፣ በሲሪየስ ከሆነ ደግሞ ማቃጠል።

የተለያየ ፓኔል ማደባለቅስ? በሲሪየስ ከሆነ ሁሉም በደካማው አምፔር ይወሰናሉ፤ ባለ 10 አምፔሩን ከባለ 5.5 ጋር ብትቀጥሉት ትልቁም ባለ 5.5 ይሆናል። በፓራለል ግን ቪኤምፒያቸው ከተቀራረበ፣ 18 ከ19 ጋር እንበል፣ ያለ ችግር አብረው ይሠራሉ። ባለ 18ቱን ከባለ 36ቱ ጋር በፓራለል ማሰር አይሆንም።

በሁለቱ መካከል መምረጥ የምትችሉ ከሆነ ግቢያችሁን እዩ። የሮቶ፣ የዲሽ ወይም የፓፓያ ጥላ በቀኑ መሀል አንዱን ፓኔል የሚነካ ከሆነ ፓራለል ይሻላል፤ የተጠለለው ይዳከማል፣ ሌላው ይቀጥላል። በሲሪየስ ግን የአንዱ ጥላ ሁሉንም ሊጎትት ይችላል። ጥላ ከሌለና ኬብሉ ረጅም ከሆነ ሲሪየስ ያሸንፋል። ባለ 4 ስኩዌር ሚሊሜትር ኬብል 10 ሜትር ርቀት ደርሶ መልስ 0.1 ኦም ያህል ሬዚስታንስ (ኤሌክትሪኩን የመግታት ባሕርይ) አለው። በፓራለል 11 አምፔር ሲያልፍበት 1.1 ቮልት ይበላል፤ ከ18 ቮልት ላይ 6 በመቶ ነው። በሲሪየስ 5.5 አምፔር ሲያልፍ ግማሽ ቮልት ገደማ ይበላል፤ ከ36 ላይ 1.5 በመቶ ብቻ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ድርብ ልባስ ያለው የሶላር ኬብል፣ ባለ 4 ስኩዌር ሚሊሜትር። የቤት መብራት ሽቦ ፀሐይ ላይ ሲከርም ላስቲኩ ይሰነጠቃል፣ ስለዚህ ይቅርባችሁ። ኤምሲ4 የሚባሉት ማገናኛዎች፤ ለፓራለል ደግሞ በዋይ ቅርጽ የተሠሩት፣ ለፖዘቲቭ አንድ፣ ለኔጌቲቭ አንድ። ከኤምሲ4 ወደ ፓወር ስቴሽናችሁ መግቢያ የሚቀይር ኬብል፤ አንዳንዱ ዕቃ ኤክስቲ60 ነው፣ አንዳንዱ ክብ ባለ 8 ሚሊሜትር፣ ስለዚህ ዕቃውን ወይም ፎቶውን ይዛችሁ ሂዱ። ዲሲ ቮልት የሚለካ መልቲሜትር የግድ ነው። ርካሹም ይሁን፣ ብቻ ይኑራችሁ።

ኬብል ቆርጣችሁ ኤምሲ4 ራሳችሁ የምትገጥሙ ከሆነ የራሱን መጭመቂያ ፒንሳ ተጠቀሙ ወይም ላለው ባለሙያ ስጡ። ሽቦውን ጠምዝዞ ናስትሮ መጠቅለል እዚህ ሠፈር የተለመደ ነው። ለሬዲዮ ያስኬድ ይሆናል፤ ቀኑን ሙሉ 10 አምፔር ለሚያልፍበትና ፀሐይ ላይ ለሚውል መስመር ግን የእሳት መነሻ ነው። የተለያየ ፋብሪካ ኤምሲ4 ማጣመርም አይመከርም። ጠቅ ብሎ ቢገባም ውስጡ በደንብ አይነካካም፣ ከወራት በኋላ ይግላል፣ ይቀልጣል።

ሦስትና ከዚያ በላይ መስመር በፓራለል ካሰራችሁ በእያንዳንዱ ፖዘቲቭ ላይ የዲሲ ፊውዝ ይግባ። አንዱ ፓኔል ወይም ኬብሉ ሾርት ቢያደርግ የሌሎቹ አምፔር በሙሉ ወደ እሱ ይሮጣል። ለባለ 6 አምፔር ፓኔል 10 አምፔር ፊውዝ ይሆናል፤ የፓኔሉ ወረቀት ከፍተኛውን የፊውዝ መጠን ስለሚጽፍ ከዚያ አትለፉ። ሁለት መስመር ብቻ ከሆነ ያለ ፊውዝ ይኬዳል።

ማብሪያ ማጥፊያ ብሬከር የምትጨምሩ ከሆነ ዲሲ መሆኑን አረጋግጡ። የቤት ኤሲ ብሬከር ይህን ሥራ አይሠራም። የቤታችን መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮ ላይ ስለሚያልፍ ብልጭታው ሲቋረጥ በራሱ ይጠፋል። የሶላር ዲሲ ግን ዜሮ አይነካም፤ ብልጭታው እንደ ብየዳ ሊቀጥልና ብሬከሩን ሊያቀልጠው ይችላል።

አገናኙት

መጀመሪያ ፓኔሎቹን በፊታቸው ድፉ ወይም በወፍራም ብርድ ልብስ ሸፍኑ። ፓኔል ማጥፊያ የለውም፤ ብርሃን ካየ ኤሌክትሪክ አለው። ሲነጋ ወይም ሊመሽ ሲል መሥራት ይቀላል፣ ጣሪያውም አያቃጥልም።

ቀጥሎ እያንዳንዱን ፓኔል ለብቻው ለኩ። መልቲሜትሩን ዲሲ ቮልት ላይ፣ ከምትጠብቁት በላይ ወዳለው ደረጃ አዙሩት። ፓኔሉን ለአፍታ ወደ ብርሃን ገልብጡና ቀዩን ጫፍ ፖዘቲቩ ላይ፣ ጥቁሩን ኔጌቲቩ ላይ አድርጉ። ወረቀቱ ላይ ወዳለው ቪኦሲ የተጠጋ ቁጥር ካያችሁ ደህና ነው። ከቁጥሩ ፊት የመቀነስ ምልክት ካለ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ ተገላብጧል፤ ሌላ ሰው የገጠመው ማገናኛ ላይ ይህ ያጋጥማል። በቀለሙና በቅርጹ አትመኑ፣ መልቲሜትሩን እመኑ።

አሁን ፓኔሎቹን እርስ በርሳቸው አገናኙ። ኤምሲ4 በትክክል ሲገባ ጠቅ ይላል፤ ጠቅታውን ካልሰማችሁ ሳብ አድርጋችሁ ፈትኑት። ፓወር ስቴሽኑ ገና አይነካም።

ከዚያ ፓኔሎቹን ግለጡና የሙሉውን መስመር ቮልት ከኬብሉ መጨረሻ፣ ወደ ፓወር ስቴሽኑ ከሚገባው ጫፍ ላይ ለኩ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ብታደርጉ ይህን አድርጉ። በሲሪየስ 44 ጠብቃችሁ 22 ካያችሁ ያሰራችሁት በፓራለል ነው። በፓራለል 22 ጠብቃችሁ 44 ካያችሁ ደግሞ ዕቃችሁን አሁን አተረፋችሁት፤ ፈታችሁ እንደገና እሰሩ። የጫፉ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭም እዚሁ ይረጋገጣል። የመልቲሜትሩ ሁለት ጫፎች እርስ በርስ እንዳይነካኩ ብቻ ተጠንቀቁ።

ቁጥሩ ልክ ከሆነ ፓኔሎቹን መልሳችሁ ሸፍኑ፣ ኬብሉን ፓወር ስቴሽኑ ላይ ሰኩ፣ ከዚያ ግለጡ። በጥቂት ሰከንድ ውስጥ የሚገባው ዋት ስክሪኑ ላይ ይመጣል። ስትነቅሉም እንደዚሁ በመሸፈን ጀምሩ። በቀትር፣ 400 ዋት እየገባ ሳለ ኤምሲ4 ጎትታችሁ ብትለያዩት የሚነሳው ብልጭታ ጣት ያቃጥላል፣ ማገናኛውንም ያበላሻል።

እስከ 150 ቮልት የሚቀበሉ ትልልቅ ፓወር ስቴሽኖች አሉ። ከ60 ቮልት በላይ ዲሲ ሰው ሊገድል ስለሚችል እዚያ ደረጃ ላይ ከሆናችሁ በዲሲ የሠራ ኤሌክትሪሺያን ጥሩ።

የአዳማ ነፋስ፣ የአዳማ ፀሐይ

ከከተማው ወጣ ብለው በተተከሉት ተርባይኖች 51 ሜጋ ዋትና 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩት ሁለቱ የነፋስ ጣቢያዎች አዳማን ያለ ምክንያት አልመረጧትም። ያው ነፋስ ታጣፊ ፓኔላችሁን አንስቶ ጎረቤት ግቢ ሊጥለው ይችላል። እግሩን አሸዋ በተሞላ ማዳበሪያ ወይም በብሎኬት አስይዙት፣ በአራት ማዕዘን በገመድ እሰሩት። ኬብሉም ቆርቆሮው ጠርዝ ላይ እየተወዛወዘ እንዳይላጥ ፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ይግባ።

አቅጣጫን በተመለከተ «ወደ ደቡብ ብቻ» የሚለው ምክር ለሰሜኖቹ አገሮች ነው። አዳማ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 8.5 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት። አንዴ ተገጥሞ የሚቀር ፓኔል ወደ ደቡብ 10 ዲግሪ ያህል ዘንበል ቢል ዓመቱን ሙሉ ያስኬዳል፣ ዝናቡም አቧራውን ያጥብለታል። የሚንቀሳቀስ ከሆነ ታኅሣሥ ላይ ወደ ደቡብ 30 ዲግሪ፣ ሰኔ ላይ ወደ ሰሜን 15 ዲግሪ አድርጉት። አንድ መስመር ላይ ያሉ ፓኔሎች ሁሉ ግን ወደ አንድ አቅጣጫ ይዩ።

ፓወር ስቴሽኑ ራሱ ፀሐይ አይወድም። ብዙዎቹ ከ45 ዲግሪ በላይ ሲሆኑ መሙላት ያቆማሉ፤ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቤት ደግሞ በመጋቢት ቀትር ላይ ምድጃ ነው። ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚያገኝበት፣ ማራገቢያው ባልታፈነበት ቦታ ይቀመጥ። ኬብሉን ማርዘም ዕቃውን ከመጥበስ ይሻላል። ሰማዩ ሲያጉረመርም ደግሞ ኬብሉን ነቅላችሁ ከዕቃው አርቁት።

ከፓወር ስቴሽኑ ወደ ቤቱ ሶኬት በሁለት ወንድ ስፒና ኤሌክትሪክ መላክ ደግሞ በምንም ዓይነት አይደረግ። መብራት ሲመጣ ዕቃው ይቃጠላል፣ መስመር ላይ የሚሠራ ሰው ካለም ይሞታል። የምትፈልጉትን ዕቃ ቀጥታ ፓወር ስቴሽኑ ላይ ሰኩ።

ዋቱ ሲያንስ

ከ400 ዋት ፓኔል በቀትር ከ280 እስከ 320 ካያችሁ ጤናማ ነው። ፓኔል ሲሞቅ ይዳከማል፤ 60 ዲግሪ ሲደርስ ከአሥር እጅ አንዱን ያህል ያጣል። ከዚያ በታች ከወረደ መጀመሪያ አቧራውን እዩ። በበጋ ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ መስታወቱ ላይ በጣት መጻፍ ይቻላል። ጠዋት ወይም ማታ በለስላሳ ጨርቅ እጠቡት፤ በጋለ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ሊሰነጥቀው ይችላል። የጉድጓድ ውሃ ከሆነ ሲደርቅ ነጭ እድፍ ስለሚተው በጨርቅ አድርቁት።

ልክ በግማሽ ከወረደ አንዱ መስመር ተቋርጧል ማለት ነው፤ ፊውዙንና ኤምሲ4ቹን አንድ በአንድ ለኩ። ዜሮ ካለ ባትሪው ሞልቶ እንደሆነ አረጋግጡ፤ በጣም የተለመደው ምክንያት እሱ ነው። ካልሞላ ቮልቱ ከዝቅተኛው ገደብ በታች ወርዶ ወይም ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ ተገላብጦ ይሆናል። በወር አንዴ ደግሞ በቀትር ሰዓት ማገናኛዎቹን በእጅ ጀርባ ዳሰስ አድርጉ። ለብ ማለታቸው ያለ ነው። አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ የሚፋጅ ከሆነ ፓኔሎቹን ሸፍኑና እሱን ቆርጣችሁ በአዲስ ቀይሩ።